ፍትነተ መስኮት፦ ፊደላችን በአዲስ ብሮውዘር ፊት

፩

ከአጅባር እስከ መካነ ሰላም፣ ወደ ዐባይ በረሃ ቁልቁል በሚመለከተው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከጥንታውያን አድባራት ባንደኛው ዕቃ ቤት ገብቶ የብራና መጽሐፍ ለመግለጥ የታደለ ሰው፣ ዐይኑ ፈጥኖ ወደ ሐረጉና ወደ ሥዕሉ ስለሚሮጥ፣ ከሁሉ ቀድማ የምትገኘውን ባዶ ቅጠል ሳያስተውላት ያልፋል። ቅጠሏ ግን ባዶ አይደለችም፤ ቀረብ ብለው ቢመለከቷት ሦስት አራት ፊደላት፣ ወይም ተጀምሮ የተተወ ስም፣ ወይም ጸሐፊው አዲስ የቀረጸውን የመቃ ብርዕ እንደ ሞከረባት የምትመሰክር አጭር የግእዝ ቃል ትገኝባታለች። ሊቃውንት ይህን «ፍትነተ ብርዕ» ይሉታል፤ ብርዕን መፈተን ማለት ነው። የፍየል ሌጦ ተፍቆ፣ ተወጥሮ፣ ደርቆና ለስልሶ ብራና እስኪሆን ድረስ የሚጠይቀውን ድካም የሚያውቅ፣ ጥላሸቱን በጥብጦ ጥቁሩን ቀለም ያደረሰ፣ ለቅዱሳን ስም የሚሆነውንም ቀዩን ለይቶ ያስቀመጠ ጸሐፊ፣ ያልተፈተነ ብርዕ በንጹሕ ገጽ ላይ አያሳርፍም ነበር፤ የተሳሳተ መስመር የሚጠፋው በምላጭ በመፋቅ ነውና፣ የተፋቀውም ብራና ቁስሉን እንደ ያዘ ይኖራልና።

በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምወደው ግን ከዚያ ልማድ ጋር የቅርብ ዝምድና ስላለው ስለ ሌላ ፍትነት ነው። ካለፉት ሠላሳ ያህል ዓመታት ወዲህ፣ በኮምፒዩተርና በስልክ ገበታ ላይ የዓለምን መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና ሥዕሎች የሚገልጥልን፣ ብሮውዘር የሚባል መስኮት ከባሕር ማዶ በየጊዜው እየታደሰ ሲመጣ፣ የሌላው አገር ሰው ፈጣን ነውን፣ ያማረ ነውን፣ ምን አዲስ ነገር ይዟል እያለ ሲመረምረው፣ የእኛ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቀው ነበር፤ ፊደሌን ያነብልኛልን? የብሮውዘር ታሪክ በሌላው ዘንድ የፍጥነትና የገበያ ታሪክ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ የሀ ሁ ታሪክ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። በየመንደሩ ያለው ሰው «ብሮውዘር» ብሎ እንደ መጣበት ይጠራዋል፤ የትርጉም ሰዎች ግን «አሳሽ» ወይም «ማሰሻ» ብለውታል። አሰሰ ማለት ፈለገ፣ በረበረ ማለት ስለ ሆነ ስሙ ለግብሩ ተስማሚ ነው። ነገር ግን በወሎ ደጋ ለሚኖር ሰው «ማሰሻ» የሚለው ቃል ከመረቡ ይልቅ ወደ ማድ ቤት ይወስደዋል፤ ሴቲቱ ምጣዱ እንደ ጋለ የተወቀጠ ጎመን ዘር ነስንሳ፣ እንጀራው እንዳይዝባት የምታሽበት ጨርቅ ማሰሻ ይባላልና። ስሙን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውት እንደ ሆነ አላውቅም፤ ቢሆንም ነገሩ ደኅና ይገጥማል። ምጣዱ ሳይታሰስ የተሰፋው ሊጥ ተጣብቆ እንደሚቀር፣ ፊደልም ባልተዘጋጀ መስኮት ላይ ሲፈስ ተቦጫጭቆ ይቀራል፤ ይህንንም በዐይናችን አይተናል።

፪

ፊደላችን ለእርሱ ባልተሠራ መሣሪያ ፊት ሲቆም ብሮውዘር የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው፣ በሮማ ካገኛቸው ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከአባ ቶማስ ፊደሉንና ንባቡን ተምሮ፣ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ባሳተመ ጊዜ፣ ቋንቋውን «ከለዳዊ» እያለ ቢሳሳትም፣ በመቃ ብርዕ ብቻ ይወለድ የነበረው ፊደል በዚያን ጊዜ ከእርሳስ ተቀርጾ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መኪና ሥር ገባ። ከ35 ዓመት በኋላም አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮማ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 አሳተሙ። የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ ለላቲን 26 ፊደላት የተሠራ መኪና ከሁለት መቶ የሚበልጡ የኛን ቅርጾች የሚያስቀምጥበት ስፍራ አልነበረውምና፣ ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ብልሃተኞች ፊደሉን በመኪናው ላይ ለማዋል ሲጥሩ፣ ቅጥያው ከእናቱ ፊደል ራቅ እያለ፣ እግሩና ራሱ ሳይገናኝ የሚጻፍበት ዘመን አለፈ። የነዚያን ዘመን ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው በኋላ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ያየው ስብርባሪ ፊደል ብዙ አያስደንቀውም።

የዓለም አቀፉ ድር የመጀመሪያው መስኮት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ወሰን ላይ ባለው በሰርን የምርምር ተቋም፣ በእንግሊዛዊው በቲም በርነርስ ሊ እጅ ነበር። እርሱ ግን በሊቃውንቱ መካከል ብቻ የሚዘዋወር ስለ ነበረ፣ ሕዝብ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድሪሰንና ኤሪክ ቢና ሞዛይክን ባወጡ ጊዜ ነው፤ ሥዕልና ጽሑፍ ባንድ ገጽ ተጎራብተው የታዩበት ይህ መስኮት በ1994 መጨረሻ ኔትስኬፕን፣ በ1995ም የማይክሮሶፍትን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አስከተለ። እነዚህ ሁሉ ሲወጡ በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት ገና አልተጀመረም ነበር፤ አዲስ አበባ በሚገኘው በአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ጥቂት ሰዎች ኤሌክትሮኒካዊ ደብዳቤ ይላላኩ ነበር እንጂ፣ ቴሌኮሙኒኬሽን ኢንተርኔትን ለሕዝብ የከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው።

በዚያን ዘመን በስልክ ሽቦ የሚገባው መስመር እንደ ጅራፍ እየጮኸ፣ እንደ ወፍጮም እያጓራ ከተገናኘ በኋላ፣ የአማርኛ ጋዜጣ አለበት የተባለውን ገጽ የከፈተ ሰው የሚያየው ነገር እንዲህ ነበር። በገጹ ራስ ላይ የጋዜጣው ስም በሥዕል ስለሚቀመጥ አምሮ ይነበባል፤ ከዚያ በታች ግን የላቲን ፊደላት፣ የገንዘብ ምልክቶች፣ ቅንፎችና የጥያቄ ምልክቶች ያለ ሥርዓት ተደባልቀው፣ እንደ ጠንቋይ ክታብ ትርጉም አልባ ሆነው ገጹን ይሞሉታል። በግርጌው አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ «ይህን ለማንበብ ፎንቱን ከዚህ አውርዱ» ይላል። ምሥጢሩ ይህ ነው፦ የዚያን ጊዜው ብሮውዘር የሚያውቀው ቢበዛ 256 ስፍራዎችን ብቻ ስለ ነበረ፣ የፎንት ሠሪዎቻችን በላቲኑ ፊደል ስፍራ የራሳችንን ቅርጽ እያስቀመጡ መስኮቱን ያታልሉት ነበር፤ መስኮቱ የላቲን ፊደል ያነበበ ሲመስለው አንባቢው «ሀ»ን ያያል። ፊደላችን ግን በአንድ ፎንት ስላልበቃ በሁለትና በሦስት ተከፋፈለ፤ ከዚህም የባሰው፣ እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ ፊደሉን በየራሱ ሥርዓት ስላስቀመጠው፣ ለአንደኛው ጋዜጣ የወረደው ፎንት ለሌላኛው አይሆንም ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው ሦስት ጋዜጣ ለማንበብ ሦስት ቁልፍ ይዞ መዞር ነበረበት፤ አዲስ ብሮውዘር በመጣ ቁጥር ደግሞ ቁልፎቹ ሁሉ እንደ ገና ይፈተናሉ።

ከዚህ ጭንቅ ለመውጣት በውጭ የሚኖሩ የፊደሉ ባለሙያዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አቆሙ፤ በእርሱም አማርኛና ትግርኛ በተራ የላቲን ፊደል፣ ነገር ግን በተወሰነ ሕግ እንዲጻፍ ሆነ፤ ትንሹ የላቲን «ተ» ለ«ተ»፣ ትልቁ ለ«ጠ» ተመደበ፣ እንዲሁም ሌላው ሌላው። ሰው በላቲን የጻፈውን መሣሪያው ወደ ፊደል ይመልሰው ነበርና፣ በየትኛውም የደብዳቤ መስመር ያለ ጉዳት ለማለፍ የቻለ የመጀመሪያው ብልሃት ይህ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ወጣቱ በስልኩ ሰሌዳ ላይ የላቲን ድምፅ እየነካ አማርኛ ሲጽፍ፣ ሳያውቀው በዚያው መንገድ ይሄዳል።

፫

ነገሩ ከሥሩ የተፈታው ግን ፊደላችን በዓለም የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ስፍራ ባገኘ ጊዜ ነው። ፍሥሐ አጥላውን የመሳሰሉ መሐንዲሶች በውጭ አገር ገና እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአማርኛ መጻፊያ ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትን፣ አኀዞችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ተቀበለ። የዚህን መዝገብ አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ያስደስታል፤ በውስጡ ያለው የኛው የየኔታ የፊደል ገበታ ነውና።

«ሀ» በዚህ መዝገብ ቍጥሩ 4608 ነው። ከእርሱ ጀምሮ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ስፍራ ተሰጠው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ሆሄያት፣ ስምንተኛው እንደ «ሟ» ላሉት ዲቃሎች። ስለዚህ «ሰላም» የሚለውን ቃል መስኮቱ እንዴት እንደሚያነበው በጣት መቍጠር ይቻላል። «ሰ» 4656 ነው፤ ከ4608 ሲቀነስ 48 ይቀራል፣ ለስምንት ሲካፈል 6 ይደርሳል፤ ይኸውም ከ«ሀ» ስድስት ቤት አልፎ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ» ካሉ በኋላ ሰባተኛው ቤት ማለት ነው፣ ትርፍ ስለሌለው ግእዙ ነው። «ላ» 4619 ነው፤ 11 ይቀራል፣ አንድ ቤት አልፎ ሦስት ይተርፋል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ቤት፣ ራብዑ። «ም» 4637 ነው፤ 29 ይቀራል፣ ሦስት ቤት አልፎ አምስት ይተርፋል፣ ስለዚህ አራተኛው ቤት፣ ሳድሱ። ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያለ በጭራሮ ከገበታው ላይ ያስቆጠረን የኔታ ይህን ቢያይ ኖሮ፣ ፈረንጆች ከእኛ የተማሩት ነገር አለ ብሎ ፈገግ ባለ ነበር።

ቍጥር ማግኘት ግን ቅርጽ ማግኘት አልነበረም። መስኮቱ ቍጥሩን ቢያውቅም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ቅርጹን የሚሥል ፎንት ከሌለ፣ በየፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ይስላል፤ ገጹም በሙሉ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ይሆናል። ወይም ደግሞ መስኮቱ የገጹን ሥርዓት ሲስት፣ አንዱን ፊደላችንን ሦስት ስፍራ ሰብሮ ያነበዋል፤ በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ሦስት ፊደል ያለው «ሰላም» ዘጠኝ የተሰባበሩ ምልክቶች ይሆናል፣ ከየሦስቱም የፊተኛው ምንጊዜም በራሱ ላይ ጭረት ያረፈበት የላቲን «አ» ነው። የለመደ ሰው ይህን ጭረት ያለበትን «አ» ተደጋግሞ ባየ ጊዜ፣ «ይህማ አማርኛ ነው» ብሎ ከላይ ካለው ዝርዝር ውስጥ ዩኒኮድ የሚለውን ይመርጣል፤ ፊደሉም እንደ ወንፊት ዱቄት ቦታ ቦታውን ይዞ ይወርዳል። በኢንተርኔት ቤት ይሠራ የነበረ ልጅ ይህን ምልክት ከሐኪም የበሽታ ምልክት ባላነሰ ያውቀው ነበር።

ፋየርፎክስ የተባለው አዲስ ብሮውዘር የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ በጥቅምት 30 ቀን 1997 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በእኛ ዘንድ ከተወደደበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው፤ ገጹ በጠየቀው ፎንት ውስጥ ፊደላችንን ባያገኘው፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ፎንቶች ሁሉ አስሶ ቅርጹን ያመጣ ነበር። ክብደቱ 5 ሜጋባይት እንኳ አልሞላም፤ ነገር ግን በ56 ኪሎቢት የስልክ መስመር ያን ለማውረድ በሒሳብ 12 ደቂቃ ያህል፣ በተግባር ደግሞ መስመሩ ሲቆራረጥ ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይፈልግ ስለ ነበረ፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወረደው በኋላ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር፤ ቀድሞ አንድ ጸሐፊ የገለበጠውን ድርሳን ሌላው ተውሶ እንደሚገለብጠው ማለት ነው። የፋየርፎክስ ሠሪዎች ፊደላችንን ከዚህም በላይ አከበሩት፤ የዝርዝር ተራ ቍጥርን በግእዝ አኀዝ ፩፣ ፪፣ ፫ እያሉ፣ ወይም በሀ ሁ ሥርዓት መጻፍ የሚችል ትእዛዝ በውስጡ አኖሩበት።

የማይክሮሶፍት ቪስታ በ1999 ዓ.ም. ሲወጣ ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፎንት አብሮ ስላመጣ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ኮምፒዩተር የገዛ ሰው ፎንት የመለመን ዕዳ ቀረለት። ክሮም ደግሞ እኛ ሁለተኛውን ሺህ ዓመታችንን ስናከብር በነበረበት በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ነሐሴ 27 ቀን፣ ለዓለም ታየ። ፊደሉ ቍጥሩንና ፎንቱን ካገኘ በኋላ ግን አዲስ ብሮውዘር እንደ ቀድሞው የሚያስፈራ እንግዳ አልነበረም፤ ቤቱ ተሰናድቶ የሚጠብቀው እንግዳ ሆኖ ነበር።

፬

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የኮምፒዩተር ታሪክ ነው፤ በምዕራብ ወሎ ደጋ ያለው ሕዝብ ግን መስኮቱን ያገኘው በኮምፒዩተር ሳይሆን በእጅ ስልክ ነበር። በአጅባር በገበያ ቀን አንዲት ጠባብ ሞባይል ቤት ውስጥ የተመለከትሁትን ልንገር። ልጁ በጠረጴዛው ላይ የድሮ ላፕቶፕ ዘርግቶ፣ ሚሞሪ ካርድ እየተቀበለ ዘፈንና መዝሙር ይጭናል፤ በመስታወቱም ሣጥን ውስጥ ባትሪ፣ ቻርጀርና የስልክ ልባስ ተደርድሯል። አንድ እድሜያቸው የገፋ ጋቢ የለበሱ ሰው ስልካቸውን አቀበሉትና፣ «ልጄ ከአዲስ አበባ በአማርኛ ይጽፍልኛል፤ የሚታየኝ ግን ሣጥን ብቻ ነው» አሉት። ልጁ ስልኩን አገላብጦ አየና፣ «አይጨነቁ አባባ፤ ሣጥኑን እናወጣዋለን» ብሎ፣ ከላፕቶፑ በብሉቱዝ ኦፔራ ሚኒን ጫነላቸው።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር በዚያ ዘመን በመላ ኢትዮጵያ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፍ የነበረ ምሥጢር ነው። በአድራሻው መጻፊያ ላይ የድረ ገጽ ስም ሳይሆን «ኦፔራ» ብሎ፣ ሁለት ነጥብ አኑሮ፣ «ኮንፊግ» ብሎ ጻፈ፤ የተሰወረ የማስተካከያ ገጽም ተከፈተለት። ወደ ታች ወርዶ፣ ለውስብስብ ፊደላት በሥዕል ተጠቀም የሚለውን መስመር ከ«አይደለም» ወደ «አዎን» ለወጠው፤ አስቀመጠው። ገጹን እንደ ገና ቢከፍተው ሣጥኑ ሁሉ ፊደል ሆኖ ታየ። ሰውየው ስልኩን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡና፣ ምንም ሳይናገሩ ገንዘቡን ከፍለው ወጡ።

የተደረገው እንዲህ ነው። ኦፔራ የኖርዌይ ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም ሁሉ ያወጣው ኦፔራ ሚኒ ገጹን በቀጥታ ከባለቤቱ አምጥቶ ለስልኩ አይሰጥም ነበር፤ በሩቅ አገር ባለው በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ፣ ጨምቆ፣ አቅልሎ ይልከዋል። በዚህ ምክንያት ደካማ መስመርና ርካሽ ስልክ ላለው ሕዝብ ተስማሚ ሆነ። ያቺ ትእዛዝ ስትበራ ደግሞ፣ ስልኩ የማያውቀውን ፊደል ሩቅ ያለው ኮምፒዩተር በሥዕል ሥሎ ይልክለት ነበር። እንግዲህ ሰውየው የልጃቸውን ደብዳቤ ያነበቡት ባሕር ማዶ ያለ ማሽን ፊደል በፊደል በሥዕል ገልብጦ ስለላከላቸው ነው፤ ያ ማሽን አማርኛ የማያውቅ ጸሐፊ ሆኖ ያገለግላቸው ነበር። ዋጋም አለው፤ ሥዕል ከፊደል ይከብዳልና ካርዳቸው ቶሎ ያልቅ ነበር። የኋላ ኋላ ስልኮቹ ራሳቸው የግእዝ ፎንት ይዘው መሠራት ሲጀምሩ ያ ብልሃት ሥራውን ጨርሶ ተረሳ።

፭

ይህን ሁሉ ያወሳሁት ፊደሉ በመስኮቱ ማለፉ ብቻውን የታሪኩ ፍጻሜ ስለ ሆነ አይደለም። መስኮት የሚከፈተው ከወዲያ ማዶ የሚታይ ነገር ስላለ ነው፤ ከእኛም መጻሕፍት ብዙዎቹ ከወዲያ ማዶ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በዚሁ በወሎ ደጋ በመቅደላ አምባ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየአድባራቱ የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታትና ንዋያተ ቅድሳት በእንግሊዝ ወታደሮች ተዘረፉ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወርዶ፣ በዚያ በጨረታ ተሸጠ፤ ከእንግሊዝ ቤተ መዘክር ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስም ለቤተ መዘክሩ ገዛ። ወደዚያ ቤተ መዘክር የገቡት መጻሕፍት 350 ያህል ሲሆኑ፣ ዐፄ ዮሐንስ ስለ ክብረ ነገሥት አቤት ብለው ስለ ጻፉ አንዱ ቅጂ በ1865 ዓ.ም. ተመለሰላቸው፤ የቀሩት ግን ዛሬ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሚባለው ስፍራ ቀሩ።

እነዚህ መጻሕፍት ከብዙ ዘመን በኋላ በፎቶግራፍ እየተነሡ በድረ ገጽ ሲለጠፉ፣ ከመቅደላ በዝሆን ጀርባ የወጣው ቅጠል በብሮውዘር መስኮት ወደ ወሎ ደጋ መመለስ ጀመረ። ሌሎችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ሲነሡ የቆዩ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም በአሜሪካ በሚኒሶታ ይገኛል፤ በፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብርቱ ድካም በዝርዝር የተመዘገበው ይህ ስብስብ ከጊዜ በኋላ በመረቡ ላይ ለአንባቢ ተከፈተ። በዚሁ ደጋ ያለችውን የተድባበ ማርያም ደብር ዕቃ ቤት በር ሊያንኳኳ የማይደፍር የቅኔ ተማሪ፣ ስልኩን ይዞ ከአጥር ሥር ተቀምጦ የጥንት ድርሳን ለመግለጥ የሚችልበት ዘመን መጣ። ነገር ግን የመስኮቱ መክፈቻ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን እንዳንዘነጋ፣ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ላይ ብርቱ የኮምፒዩተር ጥቃት ደርሶ፣ በድረ ገጹ ላይ የነበሩት የብራና ምስሎች ለረጅም ጊዜ ተዘጉ። መጻሕፍቱን ያየናቸው በእንግዳነት ነበርና፣ ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ ከደጅ ቀረን።

ከዚያ በኋላ በአንድ የጾም ቀን ወደዚያች የአጅባር ሞባይል ቤት ተመለስሁ። ልጁ አሁን ጢሙ በቅሏል፤ ሱቁም ሰፍቷል። ስልኬ አሮጌ ስለ ሆነ አዲስ የወጣ ብሮውዘር እንዲጭንልኝ ሰጠሁት። ጫነው፤ ከፈተው፤ ከዚያም ምንም ሳይጠይቀኝ በመጻፊያው ላይ «ሰላም» ብሎ ጻፈና ተመለከተው። «ምን ፈለግህበት?» አልሁት። ሣቀ፤ «ልማድ ነው ጋሼ፤ ሣጥን እንዳይሆንብዎ ብዬ ነው» አለኝ። ሣጥን ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ፍትነቱ ግን በጣቱ ላይ ቀርቷል።

ስልኩን ተቀብዬ ከሚኒሶታው ስብስብ አንድ የብራና መጽሐፍ ከፈትሁ፤ ሐረጉንና ሥዕሉን ከማየት በፊት የመጀመሪያዋን ቅጠል አመጣሁለት። በቅጠሏ ላይ ጠምዘዝ ያለች «ሀ»፣ ሁለት «ለ» እና ተጀምሮ የተተወ ስም ይታያሉ። ልጁ አጎንብሶ አየና፣ «ይህ ደግሞ ምንድር ነው ጋሼ? የተበላሸ ነው?» አለኝ። «አይደለም፤ ጸሐፊው ብርዑን ሲሞክርባት ነው» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ታዲያ ጻፈለት?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን በቃል ከምነግረው ብዬ፣ ጣቴን በመስታወቱ ላይ ሳብ አድርጌ ሁለተኛይቱን ቅጠል ገለጥሁለት።